ጓሳ፦ የመንዝ ጥብቅ ስፍራ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ የውርጭ ምድር ነው። ከምሥራቅ ጠርዙ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ ከምዕራቡ የሚወርደው ወደ ዓባይ ይፈስሳል።

የጥብቅነቱ አመጣጥ

ቦታው የተከለለው በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል፤ ይሁንና ነገሩ በአበው ትውፊት ላይ የቆመ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ሊነገር ይገባል። ትውፊቱ እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፍለው፣ ጓሳውን ግን ለግጦሽና ለሣር አጨዳ እንዲጠበቅ ለዘራቸው ተዉት። ግልቢያው በእውነት የተፈጸመ ይሁን ወይም የርስት ድንበርን ለማጽናት ከጊዜ በኋላ የተተረከ፣ ለመወሰን ያስቸግራል። የማያጠራጥረው ግን ከትውፊቱ የበቀለው «ቀሮ» የተባለው ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥርዓት መሠረት አጽመ ርስት ያላቸው ባላገሮች አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ ቦታውን አንዳንድ ጊዜ ለሦስትና ለአምስት ዓመታት ዘግተው፣ በበጋ ከፍተው ያጭዱ፣ ከዚያም ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ 5 ቀን ከሚከበረው የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በኋላ መልሰው ይዘጉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ከርስቱ ጋር ፈረሰ፣ ሣሩም ለሁሉ ክፍት ሆነ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በራሱ ጉባኤ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከአገራችን ጥብቅ ስፍራዎች ሁሉ ይህን ልዩ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ዕፀዋት

ስሙን የሰጠው ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና እረኞች ከዝናብ ለሚጠለሉበት ጌሳ ያገለግላል። በመካከሉ አስታ፣ ቀጋና ጦስኝ፣ በመስከረምም ቀይና ቢጫ አበባ የሚያነድ አሸንዳ ይታያል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚበቅለው ጅብራ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን እንደ አክሊል ዘርግቶ ከቆየ በኋላ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣ የአበባ ዐምድ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በማታም ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይጋርዳል። የደረቀው ግንድ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ከሞተ በኋላም ቆሞ ይታያል።

እንስሳት

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል።

ጉብኝት

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ ይደርሳል። አበባ ለማየት የሚመጣ ሰው ከክረምት መውጫ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ቢመርጥ መልካም ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ጎብኚ ሆይ፣ ከአካባቢው ጠባቂ ጋር ሆነህ በተለመደው ዱካ ሂድ፤ ጦስኙንም አትንቀል፣ የጅብራውንም እምቡጥ አትንካ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ነውና።