የካርታ መለያ (ኦፕንስትሪትማፕ)
በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በተጀመረው ነፃ የዓለም ካርታ ላይ መንገድን ከወንዝ፣ ጤና ጣቢያን ከትምህርት ቤት የሚለይ አጭር ጽሑፍ። ማንም ካርታ ሠሪ ያሻውን መለያ መፍጠር ይችላል። እንዲጸድቅለት የፈለገ ግን በሐሳቡ ላይ ቢያንስ 2 ሳምንት ያወያያል፤ ከዚያም ቢያንስ 2 ሳምንት ድምፅ ይሰጥበታል። ማለፊያው 8 የድጋፍ ድምፅና 75 በመቶ ነው። የጸደቀውም ተጠቃሚ ካጣ ይረሳል፤ ሳይጸድቅ የተለመደው ይሰነብታል።

በኢትዮጵያ ከመቱ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የሚገኘውና በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ ደን በአንድ መለያ ለመግለጽ አስቸጋሪ ነው። ቡናው በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። «የተፈጥሮ ደን» ቢባል የገበሬው ቡና ከካርታው ይጠፋል፤ «የቡና ተክል እርሻ» ቢባል ደግሞ ጫካው። የመጀመሪያው ሳይሻል አይቀርም፤ ቡናውን በተጨማሪ መለያ መግለጽ ይቻላልና።