በድሬዳዋ አለቶች የተመዘገበው ጥንታዊ ተራራ

ዋሂል የተባለው አካባቢ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል፣ የአፋር ቆላና የሐረርጌ ደጋ በሚጎራበቱበት ምድር ይገኛል። ከቆላው በላይ የሚታየውን ገደላማ ከፍታ የፈጠረው ምሥራቅ አፍሪካን ሲሰነጥቅ የኖረው የስምጥ ሸለቆ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ከፍታ ውስጥ ወንዞች ጠልቀው በቆረጧቸው ሸለቆዎች ግን፣ ከአሸዋ ድንጋይና ከኖራ ድንጋይ ሥር፣ ናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አለት) እና ግራናይት ይወጣሉ። እነዚህ አለቶች የመዘገቡት የዛሬውን ተራራ ሳይሆን ከብዙ ዘመን በፊት ተሸርሽሮ ያለቀውን ሌላ ተራራ ነው።

ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ጎንድዋና የተባለው ግዙፍ አህጉር ሲገጣጠም፣ በየብሶቹ መካከል የነበረው ውቅያኖስ ተዘጋ። ከዐረቢያ እስከ ሞዛምቢክ የሚደርስ የተራራ ሰንሰለትም ቆመ፤ ያ ተሸርሽሮ ያለቀው ተራራ የዚህ ሰንሰለት አካል ነበር።

የምድር ቅርፊት ሲጋጭ ይታጠፋል፣ ይወፍራል፤ በገጹ ላይ የነበረ ጭቃና አሸዋም ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከአየር ግፊት በ270 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። አለቱ ሳይቀልጥ ማዕድናቱ አዲስ መልክ ይይዛሉ፤ ሚካ የግፊቱን አቅጣጫ አግድሞ ይደረደራል፤ ጋርኔትም ከመሀል ወደ ዳር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየጨመረ ያድጋል። የቀለበቶቹ የኬሚካል ልዩነት ሙቀቱና ግፊቱ እንዴት እንደተለዋወጡ ያሳያል። ከሁሉም የሚያስደንቁት ካያናይት፣ አንዳሉሳይትና ሲሊማናይት ናቸው፦ ሦስቱም ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን በአንድ ዓይነት መጠን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ካያናይት ከፍተኛ ግፊትን፣ ሲሊማናይት ከፍተኛ ሙቀትን፣ አንዳሉሳይት ደግሞ ዝቅተኛ ግፊትን ያመለክታሉ። ዘመኑን የሚናገረው ዚርኮን ነው፤ በውስጡ ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል።

ከአሸዋና ከኖራ ድንጋዮች ሥር ያለው ጥንታዊው የኢትዮጵያ መሠረተ አለት በሁሉም ቦታ እኩል አልበሰለም። በትግራይ፣ በነጋሽ አካባቢ፣ መጠነኛ ሙቀት ብቻ ያገኘው ስሌት ይታያል። በሐረርጌና በደቡብ ግን ናይስና ከፊል የቀለጠ ሚግማታይት ይበዛሉ። በእነዚህ ቦታዎች መሸርሸሩ እስከ ተራራው ጥልቅ ሥር ደርሷል ማለት ነው።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በቀጥታ በዚህ የተሸረሸረ ሥር ላይ ተነጥፏል። በሁለቱ መገናኛ መስመር ላይ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የሚሆን ጊዜ ይጎድላል። መስመሩ ለጉድጓድ ቆፋሪዎችም ትልቅ ትርጉም አለው፦ ከላይ ያሉት የአሸዋና የኖራ ድንጋዮች ውኃ ይይዛሉ፤ ናይሱ ግን ውኃ የሚሰጠው በተሰነጠቀበትና በበሰበሰበት ቦታ ብቻ ነው።