ስማቸው ሳይጠራ ብዙ የጻፉ ወይዘሪት

በዚህ ዓመት መጽሔታችን በብዕርም በምርጫም ለሴቶች መብት የደከሙ የአንዲት ደራሲ ታሪክ ለማቅረብ አስበናል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ሥራ ያሳለፍን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ይኸውም ሰው ምንም ቢደክም ስሙ ከመዝገብ ላይ ከሌለ በኋላ ለሚጠይቅ መልስ የለውም። የእኒህ ሴት ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ወይዘሪት ካተሪን ሄለን ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1825 በስኮትላንድ፣ ሜልሮዝ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የሕግና የባንክ ሰው ሲሆኑ በስንዴ ንግድ ገንዘባቸው ስለ ጠፋ፣ በ1839 ቤተሰቡ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ተሰደደ። አባትየው በዚያ የአዴሌድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ልጂቱ አገሩ ሲገቡ ገና 14 ዓመታቸው ነበር። ቤቱ ስለ ተቸገረ ጥቂት ቆይተው በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ መኖር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው «ክላራ ሞሪሰን» በ1854 ለንደን ላይ ታተመ። ስለ አውስትራሊያ በሴት እጅ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይኸው ነው ይባላል። ታሪኩ ወላጆቿ የሞቱባት አንዲት ልጅ አጎቷ ወደ አዴሌድ ሲልካት አስተማሪነት አጥታ በቤት ሠራተኝነት መቀጠሯን፣ ወንዶቹም ወርቅ ፍለጋ ወደ ቪክቶሪያ ሲጎርፉ ሴቶቹ እንዴት እንደ ኖሩ ያስረዳል። ዋጋው 40 ፓውንድ ሆኖ፣ ከዚያ ላይ መጽሐፉን ለማሳጠር ተብሎ 10 ፓውንድ ተቀነሰባቸው። ይኸ ሁሉ ሆኖ ከመጽሐፉ ላይ የደራሲዋ ስም አልወጣም። አርገስ ለተባለው የሜልቦርን ጋዜጣ የአዴሌድን ወሬ ሲጽፉም በወንድማቸው ስም ነበር። ታዲያ አንባቢው የማንን ብዕር እንደሚያነብ በምን ይወቅ?

በ1865 ግን «የሚስተር ሆጋርት ኑዛዜ» የተባለው መጽሐፋቸው በስማቸው ወጣ። በዚህ መጽሐፍ አንድ ሀብታም አጎት ሁለት የእኅት ልጆቹን እንደ ወንድ ልጅ አስተምሮ ያሳድግና ሲሞት ንብረቱን ለሌላ ይተዋል፤ ሴቶቹ በትምህርታቸው ሠርተው ይደሩ ብሎ ነው። እነሱም ሥራ ፍለጋ ቢወጡ፣ ዕውቀት ሞልቷቸው ሴት ናችሁ እየተባሉ በሩ ይዘጋባቸዋል። እንግዲህ ወይዘሪት ስፔንስ በልብ ወለድ መልክ የሚጠይቁት፣ «ሴት ሠርታ ራሷን እንዳትችል ማን ከለከላት?» የሚል ነው።

በ1880 ስለ አገሩ ሕግ የሚያስረዳ የተማሪ ቤት መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም «ሃንድፋስትድ» የተባለ ልብ ወለድ ለውድድር አቅርበው ነበር። ሰዎች ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈታትነው የሚጋቡበትን አገር ስለሚያሳይ፣ ጋብቻን ያላላል ተብሎ ተመለሰባቸው። የታተመው እሳቸው ከሞቱ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1984 ነው።

በምርጫ ረገድ በ1861 በጻፉት ጽሑፍ፣ ብዙው ወገን ወንበሩን ሁሉ ጠራርጎ እንዳይወስድ፣ ጥቂቱም ወገን እንደ ቁጥሩ መጠን ተወካይ እንዲያገኝ ተከራከሩ። በ1891 ለሴቶች የምርጫ መብት ከሚታገለው ማኅበር ገብተው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1894 ከ11,000 የሚበልጥ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ለፓርላማ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የደቡብ አውስትራሊያ ሴቶች የመምረጥም የመመረጥም መብት አገኙ። ወይዘሪት ስፔንስ ያን ጊዜ 69 ዓመታቸው ነው። ኧረ እሱም አልበቃቸውም! በ1897 ለፌዴራል ጉባኤ ለመመረጥ ቀረቡ፤ በአውስትራሊያ እንዲህ ያደረጉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከ33 ተወዳዳሪዎች 22ኛ ወጡና አልተመረጡም፤ መንገዱን ግን ከፈቱ።

ባል ሳያገቡ፣ ወላጅ የሞተባቸውን የሦስት ቤተሰብ ልጆች በየተራ አሳድገዋል። በ1910 ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸው ገና ስላላለቀ፣ ወዳጃቸው ጂን ያንግ ጨርሰው አሳተሙላቸው። በ2001 ደግሞ ምስላቸው በአውስትራሊያ ባለ 5 ዶላር ኖት ላይ ወጣ። በመጀመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ስማቸው ያልወጣው ሴት መሆናቸው ነው።

ይኸን ያነሣነው የሩቅ አገር ሰው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በብዙ ዕድር መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። ድንኳን በተተከለ ቁጥር ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ወጥ የሚሠሩት፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያመሹት እናቶች ግን «የእገሌ ባለቤት» እንደ ተባሉ ይቀራሉ። ባል የሞተ ዕለት ደግሞ ስም ይዛወር፣ ማስረጃ ይምጣ የሚባል ነገር ይመጣል፤ ያውም በለቅሶ ላይ። ስለዚህ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን እንዲጻፍ፣ በጠቅላላ ስብሰባም ሁለቱም ድምፅ እንዲሰጡ ለአባሎች እናሳስባለን። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው። ወይዘሪት ስፔንስ እስከ 69 ዓመታቸው ጠብቀዋል፤ የእኛዎቹ እናቶች ያን ያህል አይጠብቁ።

ቸር ይግጠመን።