የባሌ ባለረጅም ጆሮ የሌሊት ወፍ

የባሌ ባለረጅም ጆሮ የሌሊት ወፍ (ሳይንሳዊ ስም፦ ፕሌኮተስ ባሌንሲስ) በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ደን ውስጥ የሚኖር፣ ነፍሳትን የሚበላ ትንሽ የሌሊት ወፍ ዝርያ ነው። ለሳይንስ የታወቀው በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት ላይ ከሚገኘው ከሐረና ደን ሲሆን፣ ስሙም ከባሌ የመጣ ነው። «ወፍ» መባሉ አያሳስት፤ የሌሊት ወፎች ሁሉ ልጆቻቸውን ጡት የሚያጠቡ አጥቢ እንስሳት ናቸው። ክንፋቸውም ላባ ሳይሆን በረዘሙ የእጅ ጣቶች መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው።

ስያሜ

ፕሌኮተስ የሚለው የወገን ስም ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «ጥምዝ ጆሮ» እንደ ማለት ነው። የወገኑ አባላት በአብዛኛው የሚኖሩት በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ነው። የባሌው ዝርያ ከሁሉም ወደ ደቡብ ርቆ የሚገኝ ነው።

በኢትዮጵያ የሚገኙት ባለረጅም ጆሮ የሌሊት ወፎች ለረጅም ጊዜ በአውሮፓ ከሚታወቀው ከግራጫው ዝርያ ጋር አንድ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ራሳቸውን የቻሉ ዝርያ መሆናቸውን በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ሩሲያውያኑ የእንስሳት ተመራማሪዎች ሰርጌይ ክሩስኮፕና ሌዮኒድ ላቭሬንቼንኮ ናቸው። የዚህ ወገን ዝርያዎች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ የራስ ቅልን መለካትና የዘር ቅንጣትን (ዲ ኤን ኤ) ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የወገኑ ክለሳም የባሌውን በራሱ ቆሞ የሚታይ ዝርያ አድርጎ ይዞታል።

ጆሮውና አደኑ

በዚህ ወገን ውስጥ የጆሮው ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ይህም ከእንስሳው አካል ርዝመት ብዙም አያንስም፤ ሰው ቢሆን ኖሮ ጆሮው ከትከሻው እስከ ጉልበቱ በደረሰ ነበር! ሲያርፍ ጆሮውን አጥፎ ከክንፉ ሥር ይሸጉጠዋል። ያን ጊዜ ከውጭ የምትታየው በጆሮው ቀዳዳ ፊት ያለችው ጦር መሰል ቁራጭ ቆዳ ብቻ ስለሆነች፣ ያላወቀ ሰው ትንሽ ጆሮ ያለው ሌላ እንስሳ ሊመስለው ይችላል።

ብዙ የሌሊት ወፎች የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ እያወጡ፣ ነገር ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ በማዳመጥ መንገዳቸውንና ምግባቸውን ያገኛሉ። ባለረጅም ጆሮዎቹም ይህን ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ሹክሹክታ ሊባል ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋና ምግባቸው የእሳት እራት ሲሆን፣ ብዙ የእሳት እራቶች የሌሊት ወፍን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ አላቸው፤ ጮክ ያለ አዳኝ ሲመጣ ከሩቅ ሰምተው ያመልጣሉ። ባለረጅም ጆሮው ግን ቀስ ብሎ ይመጣል። ቅጠል ላይ የተቀመጠች ነፍሳት ስትንቀሳቀስ የምታሰማውን ኮሽታ ብቻ አዳምጦ የሚያነሳበት ጊዜም አለ። ክንፉ ሰፊ በመሆኑ በዝግታ መብረርና አንድ ቦታ ላይ በአየር ተንጠልጥሎ መቆየት ይችላል፤ ይህም ቅርንጫፍ በበዛበት ደን ውስጥ ለማደን ይመቸዋል።

መኖሪያ

የባሌ ተራሮች ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከሳነቲ አምባ ወደ ደቡብ ሲወረድ መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ኮሶና አምጃ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃና ዝግባ፣ ከታች ደግሞ የዱር ቡና ይገኛል። ዝርያው የሚታወቀው ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው የደጋ ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ብርዳማ ነው፤ የዚህ አስተኔ የሌሊት ወፎች ግን ሲበርዳቸው የሰውነት ሙቀታቸውን ዝቅ አድርገው ጉልበት መቆጠብ ይችላሉ። ዘመዶቹ ቀን ቀን በዛፍ ፍልፍል፣ በዋሻና በቤት ጣሪያ ሥር ይውላሉ።

የሰሜን ዘመድ ያለው እንስሳ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ መገኘቱ ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። ዋልያና ቀይ ቀበሮም የቅርብ ዘመዶቻቸው በስተሰሜን ያሉ፣ በደጋው ተለይተው የቀሩ እንስሳት ናቸው።

የደኑ ሁኔታ

ዝርያው ስም ባገኘበት በዚያው 2000 እ.ኤ.አ. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ ከባድ ቃጠሎ ደርሶ ነበር። እሳቱን ለማጥፋት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዘመቱ፤ ከጀርመንና ከደቡብ አፍሪካም ባለሙያዎች መጡ። ከእሳት ሌላ ለእርሻና ለመኖሪያ የሚደረገው ምንጣሮ እንዲሁም የከብት ግጦሽ ደኑን ይጎዱታል። በተለይ ያረጁና ፍልፍል ያላቸው ዛፎች ሲቆረጡ ጉዳቱ ቶሎ አይተካም፤ ዛሬ የተተከለ ችግኝ የሌሊት ወፍ የሚያድርበት ፍልፍል እስኪያወጣ የሰው ዕድሜ አይበቃውምና።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁንና የሐረና ደን በሙሉ ከፓርኩ ወሰን ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ ከወሰኑ ውጭ ወደ ደቡብ ይዘልቃል።