የጨረር ከለላ ታሪክ፦ ከእርሳስ ሽፋን እስከ ፉሪ አጥር

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ባገኘ ጊዜ፣ የማይታየው ጨረር በሥጋ አልፎ አጥንትን ማሳየቱ ዓለምን አስደነቀ፤ ጉዳቱ ግን በወቅቱ አልታወቀም። የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ በዚሁ ጨረር ተጎድቶ በ1904 ሞተ። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ የራጅ ቱቦ ጨረር በማያሳልፍ ሽፋን እንዲከለል አስቀድሞ መክሮ ነበር። እርሳስም ከባድና ለሥራ የሚመች በመሆኑ ቀዳሚ ከለላ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢሪዲየም 192ና ኮባልት 60 ለብየዳ ፍተሻ ሲውሉ ጥያቄው ተለወጠ። የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጨረሩም ይቆማል፤ የጋማ ምንጭ ግን አይጠፋም። ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ በሰው እጅ ስለሚጓዝም የሣጥኑ መጠንና ክብደት ዋና ጉዳይ ሆነ። ስለዚህም የእርሳስ ጥግግት 11.3 ሲሆን፣ ወደ 19 የሚደርሰው የተሟጠጠ ዩራኒየም ለተንቀሳቃሽ ሣጥኖች ተመረጠ።

ይሁን እንጂ ምንጩ ወደ ሣጥኑ ካልተመለሰ ምርጥ ቁስም ከንቱ ነው። በሞሮኮ፣ መሐመዲያ፣ በ1984 ከገመዱ የተላቀቀ የኢሪዲየም ምንጭ መሬት ወድቆ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ወሰደው፤ 8 ሰዎችም ሞቱ። በግብፅ ሚት ሀልፋ መንደርም በ2000 ተመሳሳይ አደጋ አባትንና ልጅን ገደለ።

በአገራችን የጨረር ቁጥጥር በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ተደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 571/2000ና 1025/2009ም ተከተሉት። ሕጉ የሚፈተነው ግን እንደ ፉሪ ባሉ ቦታዎች ነው። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. በፉሪ–ለቡ ጣቢያ የተመረቀበት ይህ አካባቢ ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት የተጎራበቱበት ነው። በገላጣ ሜዳ ርቀት ራሱ ከለላ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳልና። የጎረቤት ቤት አጥሩን ሲነካ ግን ይህ ነፃ ከለላ ያከትማል።

በዚያን ጊዜ ተመራጩ ቋሚ የኮንክሪት ክፍል ነው። የኢሪዲየምን ጨረር ወደ አንድ ሺኛ ለመቀነስ በግምት 5 ሳንቲ ሜትር እርሳስ፣ 13 ሳንቲ ሜትር ብረት ወይም 45 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ያስፈልጋል። እርሳስ ቀጭን ቢሆንም ለስላሳ ስለሆነ ደጋፊ ይሻል፤ ኮንክሪት ግን ራሱን ችሎ ይቆማል፣ በአገር ውስጥ ሲሚንቶና ጠጠርም ይሠራል። ሆኖም ግድግዳውን አወፍሮ ጣሪያውንና የበሩን ዳር መዘንጋት፣ ከአየር ተበትኖ የሚመለሰውን ጨረር ወደ ጎረቤት መልቀቅ ነው።

እንግዲህ እርሳስ፣ ዩራኒየምና ኮንክሪት በየቦታቸው ይመረጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ምርጫው ትክክል መሆኑን የሚመሰክረው ግን ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ በሣጥኑና በአጥሩ ላይ የሚያርፈው የጨረር መለኪያ ነው።