የክተት አዋጁና የእኛ «6 ሰዓት»

ከአዲሰን፣ ቴክሳስ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው ትንሿ ከተማችን በአዲሰን የዓድዋን በዓል ለማክበር አዳራሽ ተከራየን። በጥሪው ወረቀት ላይ «ቅዳሜ በ6 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። አረጋውያኑ እንደ አገራቸው ቆጥረው በቀትር መጡ፤ እኛ ደግሞ እንደ አሜሪካ ቆጥረን ማታ ተሰበሰብን። በቀትር የተቆለፈ በር አግኝተው ከተመለሱት መካከል የአያታቸውን የዓድዋ ዘመቻ ሊተርኩልን የተጋበዙ አባት ነበሩ። ማታ ስንደውልላቸው «ልጆቼ፣ እኔስ በሰዓቱ መጥቻለሁ» አሉን። በዓመቱ አረፉ። ታሪኩም አብሯቸው ተቀበረ።

ይህ ጸጸት ነው የክተት አዋጁን እንደገና እንዳነብ ያደረገኝ።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ አዋጁን ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ብዙዎቻችን ስለ ወኔው እንናገራለን፤ አሠራሩን ግን ልብ አንለውም። አዋጁ መጀመሪያ ምክንያቱን ያስረዳል፦ ጠላት ባሕር ተሻግሮ አገርና ሃይማኖት ሊያጠፋ መጥቷል። ቀጥሎ እስከዚያ ቀን ዝም የተባለው በከብት እልቂትና በሕዝቡ ድካም መሆኑን ይናገራል፤ ክፉ ቀን ገና ከሰው አእምሮ አልወጣምና። ከዚያ ሰሚውን «አንተ» ብሎ ሥራውን ያከፋፍላል፦ ጉልበት ያለው ይከተል፣ የሌለው በጸሎት ይርዳ። ለሸዋ ሰው ቦታው ወረኢሉ፣ ቀነ ገደቡ የጥቅምት እኩሌታ ነው። ሰበብ ፈጥሮ የሚቀር ግን እንደሚቀጣና አማላጅ እንደማይኖረው በማርያም ተምሎ ተነግሮታል።

ለምን፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ካልሆነስ? አንድም የቀረ ጥያቄ የለም። ያውም በነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ለሚሰማ፣ አብዛኛው ማንበብ ለማይችል ሕዝብ የተነገረ ቃል ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ወደ 100,000 የሚገምቱት ሠራዊት ተራራና በረሃ አቋርጦ ዓድዋ ደረሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ የቃልን ዋጋ በመከራ ያወቁ ሰው ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላል» የሚል ሲሆን፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ጦርነቱን ካስከተሉት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአንድ ግሥ ልዩነት ነበር።

በሌላው ወገን የሆነውን ደግሞ እንመልከት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ። ጄኔራል አልቤርቶኔ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ችግሩ ለአዛዦቹ በታደለው ንድፍ ካርታ ላይ በዚያ ስም የተጠራው ኮረብታና የአገሬው ሰው በዚያ ስም የሚያውቀው ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ነበር። አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹን ሰምቶ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ብዙ ኪሎ ሜትር ገፋ፤ ከጓደኞቹም ተነጥሎ ተከበበ። እሱን እንዲደግፍ የታዘዘው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አፈንግጦ እዚያው ወደቀ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ባራቲየሪም በዚያው ዓመት አስመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ ከወንጀል ነፃ ቢባልም ለአዛዥነት ብቁ አለመሆኑ ተነገረ።

ድሉን ያስገኘው አንድ አዋጅ ወይም አንድ የተሳሳተ ካርታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የሠራዊቱ ብዛት፣ መሣሪያው፣ ጀግንነቱ፣ የእቴጌ ጣይቱና የመኳንንቱ ምክር ሁሉ ነበረበት። ያ ሁሉ ኃይል ግን በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ሊገናኝ የቻለው ሁሉም የታዘዘውን በአንድ ዓይነት ስለተረዳው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምኒልክ ከማዘዛቸው በፊት ሕዝባቸውን እንዳልበደሉት፣ እሱም እንዳላስቀየማቸው አስታውሰዋል። ግልጽ ቃል የሚፈጸመው መተማመን ሲኖር ነው። ቅጣቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በስደት ዓለም የየማኅበሮቻችንን ቃለ ጉባኤ ያነበበ ሰው «ይደረጋል»፣ «ይታሰብበታል»፣ «ክትትል ይደረግበታል» የሚሉ ቃላት ሞልተው ያገኛል። ማን ያደርገዋል? እስከ መቼ? ቋንቋችን አድራጊውን ሰውሮ መናገር ያስችላል፤ እኛም ይሉኝታችንን እዚያ ውስጥ እንደብቃለን። ሥራው ሳይሠራ ሲቀር ግን «አበሻ አይተባበርም» ብለን ሕዝቡን እንወቅሳለን። በእኔ እምነት ሕዝቡን ከመውቀሳችን በፊት ምን ብለን እንደጠራነው መመርመር ይገባናል። «አንተ ይህን፣ አንቺ ያን፣ እስከዚህ ቀን» ማለት ትዕቢት አይደለም፤ የሰሚውን ጊዜ ማክበር ነው።

ከዚያ ወዲህ በጥሪ ወረቀታችን ላይ «ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 6 ፒ.ኤም.» ብለን እንጽፋለን። ትንሽ ነገር ናት። እኚያ አባት በሕይወት ሳሉ ብናደርጋት ኖሮ ግን ታሪካቸው ዛሬ በእጃችን ነበር።

ቸር ይግጠመን።