በስዊድን ብር የተጻፈው የእጽዋት መዝገብ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገብቶ ከጽዱ ሥር የሚንሸራሸር ሰው ስለ ሂሳብ ሹም አያስብም፡፡ እስቲ ዛሬ ግን ስለ ሂሳብ እናውራ፡፡ ቦታው 705 ሄክታር ነው፤ ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፡፡ ታዲያ እንዲህ ያለ ማዕከል ለማቋቋም መጀመሪያ አገሪቱ ምን ምን እጽዋት እንዳላት ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ የዚህን እውቀት ዋጋ ማን ከፈለ?

ታሪኩ ወደ ኋላ ይወስደናል፡፡ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን የመጣው ኤስሊንገን በምትባል ከተማ በተቋቋመ ማኅበር ገንዘብ ነበር፡፡ አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ እሱ እጽዋት ለቅሞ፣ አድርቆ ይልካል፤ እነሱ ይከፋፈላሉ፡፡ ሰውየው እስከሞተበት እስከ 1878 ድረስ እዚሁ ኖረ፤ ደጃዝማች ውቤም እንትጮን አስተዳድር ብለው ሾመውት ነበር፡፡ ቅጠሉ ግን መንገዱን አልለወጠም፡፡ የከፈለው አውሮፓ ነውና የተቀበለውም አውሮፓ ነው፡፡ በርሊን ከደረሰው ውስጥ ብዙው በ1943 በቦምብ ተቃጠለ፡፡ ከዚያ በኋላም ቢሆን ያገሩን እጽዋት ስም በእርግጠኝነት ማወቅ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ወይ ፓሪስ፣ ወይ ፍሎረንስ፣ ወይ ለንደን አጠገብ ያለችው ኪው መሄድ ነበረበት፡፡ (ባለአገሩ እንግዳ ሲሆን ማለት ይኼ ነው!)

በ1959 የዛሬው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ እጽዋት የሚቀመጡበት ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፡፡ ትልቁ ሥራ የመጣው ግን በ1980 ነው፡፡ አብዮቱ በተፋፋመበት፣ መንግሥት ፊቱን ወደ ሞስኮ ባዞረበት ዘመን፣ ሳሬክ የተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ገንዘብ ሰጠና የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ተወለደ፡፡ በአዲስ አበባ በኩል እነ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ በኡፕሳላ በኩል እነ ኦሎቭና ኢንጋ ሄድበርግ ነበሩበት፡፡

የዚህ ፕሮጀክት ቁም ነገር፣ በእኔ እይታ፣ መጽሐፉ ብቻ አይደለም፡፡ ገንዘቡ ሲመደብ ሰው ማሠልጠንና ሄርባሪየሙን ማደራጀትም አብሮ ታስቧል፡፡ ፕ/ር ሰብስቤ ደምሰው ዶክትሬታቸውን ኡፕሳላ ሠሩ፤ ተመልሰው ፕሮጀክቱን መሩ፤ በኋላም የጉለሌ ማዕከል ዳይሬክተር ሆኑ፡፡ የሺምፐር ማኅበር እንዲህ ያለ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አልነበረውም፡፡

ሥራው እስከ 2009 ዘለቀ፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው፡፡ በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፤ ኤርትራ ነጻ ወጣችና የመጽሐፉ ርእስ ራሱ «የኢትዮጵያና የኤርትራ» ተባለ፤ ሳሬክም በ1995 በሲዳ ውስጥ ተጠቃለለ፡፡ ውጤቱ 8 ቅጽ በ10 መጻሕፍት፣ ወደ 6000 የሚጠጉ የእጽዋት ዓይነቶች፡፡ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው! ገበሬው፣ መድኃኒት አዋቂው፣ የጉለሌ ጎብኚ በስንት ዘመኑ ያነበዋል? ይኼ ቅር ይለኛል፡፡

የውጭ ገንዘብ ማስተዳደር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፡፡ መስክ የወጣ ተመራማሪ የበቅሎ ኪራይ ይከፍላል፤ ባለበቅሎው ደረሰኝ የለውም፤ ኦዲተሩ ደረሰኝ ይላል፡፡ የተሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ካልተወራረደ ቀጣዩ አይለቀቅም፡፡ የዘመን አቆጣጠሩም አለ፤ የኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ አብዛኞቹ ለጋሾች ግን በጃንዋሪ፡፡ የሚገርመው ስዊድን ራሷ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ዓመቷን በጁላይ ነበር የምትጀምረው፤ ኋላ ቀየረችው፡፡

የሰው ገንዘብ ጣጣ አለው ሲባል ግን የራስ ገንዘብ የለውም ማለት አይደለም፡፡ የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፡፡ ችግኝ ደግሞ በበጋ ፈልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ልክ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠና ነው የሚተከለው፡፡ የአፍይው፣ የዘበኛውና የውኃው ወጪ በአንዱ ዓመት፣ የተከላው ወጪ በሌላው ዓመት ይወድቃል፡፡ ጽድ ደግሞ እስኪያድግ ብዙ ሰኔ 30 ያልፋል፡፡